ለእማማ ጉርምርም የወደቀች ድምፅ

አያሸንፍም ለተባለ ሰው ድምፁን የሰጠ አላባከነም፤ የሚያባክነው የሰውን ድምፅ የሚንቅ ነው። ይህም እውነት መሆኑን በአንድ የልብስ አጣቢዎች ማኅበር የሆነው ነገር ያስረዳል።

ማኅበሩ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ እያጠበና እየተኰሰ ይኖር ነበር። በደንቡ መሠረት ብዙ ድምፅ ያገኘ ሊቀ መንበር ይሆናል፤ ሁለተኛ የወጣውም ተቆጣጣሪ ሆኖ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ፣ የሊቀ መንበሩን ክፍል ቁልፍ ጭምር፣ ይይዛል። ተወዳዳሪዎች ግን ራሳቸው ድምፅ አይሰጡም። ሊቀ መንበሩ በየምርጫው የሚስቱን ወንድም ሁለተኛ እያስወጣ ቁልፉን ከዘመድ እጅ ሳያስወጣ ኖረ።

ከተኳሾቹ አንዲቱ ከልጇ ጋር በትልቁ የእንፋሎት መተኰሻ ላይ ትሠራ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሥራ ይፈጥንልኛል ብሎ እጅ እንዳይገባበት የሚጠብቀውን የመተኰሻውን መከለያ በገዛ እጁ ነቀለ። ወዲያውም የጋለው ብረት የልጅቱን ቀኝ እጅ ከነአንጓው በላው። እርሱም፣ «መከለያውን ነቅላ የጣለችው ራሷ ናት» ብሎ በነውር አሰናበታት። ልጅቱ ግን ሰውየው መከለያውን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ክፍሉ ሲያስገባ አይታ ነበር፤ የሥራ ደኅንነት መርማሪ በመጣ ጊዜ መልሶ የሚገጥመው ነውና አልጣለውም። እናቲቱ ለፖሊስ ብታመለክት፣ «ዕቃው በእጅሽ ሳይኖር የሰው በር አልሰብርም» ተባለች። ከዚያ ወዲያ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያንን በር ማስከፈት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እርሷ ግን ሳሏን ዋጠች፤ ምርጫውንም ጠበቀች።

በዚያ ዓመት ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ የተቀደደ አንሶላ የምትጠግን አሮጊት ነበረች። ከውሃው እስከ ሳሙናው የማታማርረው ስላልነበረ እማማ ጉርምርም ይሏታል። በየምርጫው ትወዳደራለች፤ አንድም ድምፅ አግኝታ አታውቅም።

«ለማን ልትሰጪ ነው?» አለቻት አንሶላ አጣጣፊዋ።

«ለእማማ ጉርምርም።»

«ኧረ በሞቴ! ለእሷ ከምትሰጪ በወረቀቱ አፍንጫሽን ጥረጊበት። ይባክናል እኮ!»

«የልጄ እጅ ከባከነ ወዲህ የሚባክን ነገር የለኝም።»

እንዲህ ብላ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደች። እጅ ነሥታም፣ «ጋሼ፣ ድምፃችሁን አታባክኑ እያሉ ሲመክሩን ሰማሁ» አለችው።

«ደግ አደረግሽ። ልብ ገዛሽ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለሚስትዎ ወንድም የሚሄደውስ? ባክኖ መቅረቱ አይደል? ሁሉም ለእርስዎ ቢሆን ያምርብዎት ነበር።»

የሰውየው ደረት እንደ እርሾ ኩፍ አለ። በዚያው ቀን፣ «አንዲትም ድምፅ ከእኔ ውጭ እንዳትሄድ!» ብሎ አዘዘ። የሚስቱ ወንድም፣ «ቁልፉስ፣ ጋሼ?» ቢለው ሳቀበት። «ምን ያርበተብትሃል? ሁለተኛ ከጠፋ እኔው እሾምሃለሁ። ያቺን አሮጊት እንደሆነ ቁንጫ እንኳ አይመርጣት!»

በምርጫው ዕለት ማኅበርተኛው በማጠቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጸሐፊው ወረቀቱን እየገለጠ የሊቀ መንበሩን ስም እስኪሰለቸው ጠራ። በመጨረሻ ግን፣ «ለእማማ ጉርምርም፣ አንድ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሊቀ መንበሩ ነበር።

እናቲቱ ተነሣች። «ለሚስቱ ወንድምስ ስንት ወጣ?»

«ምንም።»

«እንግዲያስ ሁለተኛ ማን ነው? ደንቡን አንብብልን።»

ጸሐፊው አነበበ። ሳቁም እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ሊቀ መንበሩ፣ «ነገ እንነጋገርበታለን» ቢል፣ አጣቢዎቹ በሩን ዘግተው ቆሙ። የሚስቱ ወንድም ቁልፎቹን አስረከበ። እማማ ጉርምርም አገላብጣ አየቻቸውና፣ «ዝገት ነው እንጂ ምን ቁልፍ አለው!» ብላ አጉረመረመች፤ ቢሆንም ቀጥ ብላ ሄዳ የሊቀ መንበሩን ክፍል ከፈተች። መከለያው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከነብሎኑ፣ በፎጣ እንደ ተጠቀለለ ተገኘ።

ሊቀ መንበሩ በእናቲቱ እግር ላይ ወደቀ። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ ልጆች አሉኝ!»

«እኔም አለችኝ» አለች፤ «እንዳንተ ልጆች ግን በቀኝ እጇ አትበላም። ተነሥ፣ ጫማዬን አታቆሽሽ።»

አንዳንዶች ይቅር ልትለው በተገባ ነበር አሉ። በሐሰት ስሟን ያጠፋውን ሰው ልጅቱ ራሷ ይቅር ሳትለው ሌላው ይቅርታን የሚያድለው ከማን ኪስ አውጥቶ ነው? ልጅቱም አላለችም። በችሎት ቆማ የጐደለውን እጇን ለዳኛው አሳየች፤ እናቷም መከለያውን ከፊቱ አኖረች።

ሊቀ መንበሩ ከማኅበሩ ተሰረዘ፤ ቤቱም ተሸጦ ለልጅቱ ካሣ ሆነ። እርሱም በእስራት ተቀጣ፤ በእስር ቤቱም የእስረኞችን አንሶላ እንዲያጥብ ተመደበ።