ሁለት ዙር በእጅ

ሻዩን የጠጣው በቀኝ እጁ ነበር።

ይህ ትዝ ያላት ዛሬ ነው፤ ትሪውን ይዛ በለቀስተኞቹ መሀል ስትዞር አንዱ ጎረቤት ብርጭቆውን ሲያነሳ አይታ። ባሏ ግራኝ ነበር። ማንኪያም መፍቻም ምላጭም በግራው ነው። የሞተ ዕለት ጠዋት ግን ኮፈኑ የተከፈተው መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ሻዩን በቀኙ ጠጣ። አይታዋለች። ያን ጠዋት የፈራችው ግን ክሪኩን ነበር። «ይንሸራተትና ይጨፈልቅሃል» እያለች ጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያስገባ ስትጨቀጭቀው፣ እጁን ሳታስተውለው ቀረች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ እንጂ» አሏት የባሏ ታላቅ እህት፣ ያበጡ እግሮቻቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው። «ያ ቆርቆሮ ወንድሜን በላው፤ አሁን ደግሞ አንቺን ሊጨምር ነው?»

«መኪናው ምን አደረገው፣ እትዬ? ልቡ ነው ተብሏል።»

«ልቡንስ ማን አደከመው?»

ጥግ ላይ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ አለ። «ቀስ በል ለሞት ግን ፈጠነ» ሲል አንሾካሾከ። «የቀብር መኪና እንኳ ጡሩምባ እየነፋ ይቀድመው የነበረ ሰው!» ጎረቤቱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ሰማቻቸው፤ አልከፋትም። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የዳቦ መኪና ሲነዳ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ «ቀስ በል» ሲል ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። እሷ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚሰማት ሴት ናት። «አንቺ ፍርሃቱን ያዢልኝ፣ እኔ መሪውን እይዛለሁ» ይላት ነበር። የገዛ መኪናውን ግቢው ውስጥ ሲሠራ ባትሪ የምታበራለት እሷ ነበረች። «አንቺ ካላየሽው አላምነውም። ደህና የሆነውን ነገር እንኳ ትጠረጥሪያለሽ።» የዚያን ዕለት ግን ለባትሪ አልጠራትም። ለምሳ ልትጠራው ስትወጣ የፊት ጎማውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ደክሞት ያሸለበ ነበር የመሰላት።

ሴት ልጇ ከውጭ ገባች፤ እጅጌዋን ሰብስባለች።

«አክስቴ፣ መድኃኒትዎ ያለው ቤትዎ ነው አይደል? እኔ አደርስዎታለሁ።»

«በምን?»

«በአባዬ መኪና። የሞተሩን ቺንጋ ቀይሮ ክዳኑን ገጥሞታል። የውሃ ፓምፑንም ቀይሯል፤ የቀረው ውሃ መሙላት ብቻ ነው።»

«በዚያ ገዳይ? እኔ? በቁሜ አልገባበትም!»

እናትየዋ ትሪውን አስቀመጠች። ቁልቁለቱ፣ የጭነት መኪናዎቹ፣ ልጇ መሪ ላይ፤ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ከሁሉም በላይ ግን ያ ቀኝ እጅ።

ልጅቷ ውሃ ልትሞላ ስትወጣ ተከትላት ወጣች። «ቁልፉን እንዳትነኪ! ክዳኑ ይከፈት።»

«እማዬ፣ ጨርሶታል እኮ።»

«ሞተሩ መጀመሪያ ሁለት ዙር በእጅ ይዞራል። አባትሽ ያን ሳያደርግ ቁልፍ ነክቶ አያውቅም።»

«አድርጎት ይሆናላ።»

«ያን ቀን ባትሪ አላበራሁለትም።»

ልጅቷ የያዘችውን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረችው። «አፈሩ ሳይደርቅ ሥራውን ልትፈትሺ ነው? አንቺ መቼም ሰው አታምኚም! እሱንም እንዲሁ ስታስጨንቂው ኖርሽ!»

እናትየዋ ጎንበስ ብላ መፍቻውን አነሳችና መልሳ ሰጠቻት።

«አዎ፤ አላምንም። ክፈቺው።»

ክዳኑ ተከፈተ። ቺንጋው ከላይና ከታች ያሉትን ባለጥርስ ክቦች እኩል የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው፤ እኩል ካልዞሩ የሞተሩ ሆድ ዕቃ እርስ በርሱ ይጋጫል። በየክቡ ላይ ባሏ የቀባቸው ነጭ ነጥቦች አሉ፤ ሞተሩ ላይ ካሉት ጭረቶች ጋር መግጠም አለባቸው። ልጅቷ የታችኛውን ቡሎን ይዛ በዝግታ አዞረች። እናትየዋ ባትሪውን አበራች።

አንድ ዙር። በሁለተኛው መሀል አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ቁሚ!»

«ምንድን ነው?»

«ቺንጋው ጥርስ ዘለለ። ቀስ ብለሽ ጨርሽው... እዚህ ላይ።» የታችኛው ነጥብ ጭረቱ ላይ ነው፤ የላይኛው ግን አልፎ ቆሟል። ልጅቷ ጣቷን ቺንጋውን ወደሚወጥረው ማጥበቂያ ሰደደች፤ ቡሎኑ ያለ መፍቻ በጣቷ ዞረ።

«ላልቷል» አለች። «አባዬ? አባዬ እንዲህ ይተዋል?»

«ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። በቀኙ ነው የሠራው። ሻዩንም በቀኙ ነው የጠጣው። አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ግንባሯን መኪናው ላይ ደፋች። እናትየዋ ባትሪውን አላወረደችም።

«አልቅሺ፤ እኔ አበራልሻለሁ። ከዚያ ከሥሩ እንጀምራለን።»

ቺንጋውን አውልቀው ነጥቦቹን አገጣጠሙ፤ መልሰው አጠለቁት። ልጅቷ ማጥበቂያውን ክንዷ እስኪዝል አጠበቀችው። ሁለት ዙር። ነጥቦቹ ገጠሙ። «አንዴ ድገሚው» አለች እናት። ደገመችው፤ ገጠሙ። ክዳኑ ተገጠመ፣ ውሃው ተሞላ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ሞተሩ አጉረመረመና ተነሳ።

የባሏ እህት በፀጉር አስተካካዩ ክንድ ተደግፈው ወጡ። የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጡ።

«ክፈትልኝ» አሉት የፊተኛውን በር እያዩ። «ከሞትኩም በወንድሜ መኪና ልሙት። አንቺም ልጅ፣ ቀስ በይ!»

እናትየዋ ማንንም አልከለከለችም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ግን ከበሩ አልተነቀለችም። ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ወጡ፤ መሸ። በልቧ ልጇን ደጋግማ ገደለቻት፤ አንዴ በፍሬን፣ አንዴ በጭነት መኪና፣ አንዴ በቺንጋ። በመጨረሻ ሁለት መብራቶች ዳገቱን በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ ወጡ።

ልጅቷ መኪናውን አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። «አክስቴን አድርሻለሁ፤ መድኃኒታቸውንም ውጠዋል» አለች።

ከቀብሩ ወዲህ የግቢው በር ተቆልፎ አያውቅም፤ ለለቀስተኛው ነው እየተባለ። እናትየዋ ቁልፉን አስገባችና ቆመች። ባሏ በዝግታ ይመጣበት የነበረውን መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተመለከተች።

«የሚመጣ ሰው አለ እንዴ፣ እማዬ?»



«የለም» አለችና ቆለፈችው።