አስተርጓሚው የጨመራት ቃል

የሱፍ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ብቅ ካለ ዓመታት አልፈውታል። ዛሬ የመጣው ዶክተር ናካቶ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ነው። የሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ክፍሉ ሰዎች መሸኛ ሲያዘጋጁላቸው፣ «አስተርጓሚዬን ካልጠራችሁ አልመጣም» ብለው ነበር አሉ።

ግድግዳው ላይ የድሮ ፎቶዎች ይታያሉ። የያኔው ኪሱጉ ሰፈር፣ ቀይ አፈሩ፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ። ከዶክተሯ ጎን አንድ ከሲታ ጎረምሳ በሰፊ ሸሚዝ ውስጥ ጠፍቶ ቆሟል።

«ወይ ጉድ! እንዲህ ነበርኩ ለካ» አለ የሱፍ ለራሱ።

ያኔ ከወሎ ወደዚህ አገር ተሰዶ ካትዌ በሚባለው ሰፈር ብረት ይሸከም ነበር። ዶክተሯ ደግሞ ዘመድ ለሌለው ስደተኛ ማን ይደርስለታል የሚለውን ያጠኑ ነበር፤ እንግሊዝኛ እንደሚሞክር ሰምተው በአስተርጓሚነት ወሰዱት። ቤት ለቤት ዞሩ። ምሳ ሰዓት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው አንድ ሮሌክስ፣ በቂጣ የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ፣ ለሁለት ይካፈላሉ። ዛሬም ሲያስበው የእንቁላሉ ጣዕም ምላሱ ላይ ይመጣል።

አንድ ቀን ሳቢራ ዘንድ ደረሱ። ከጅማ የመጣች፣ ቅመም የምትሸጥ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ጥያቄውን ሁሉ እየቀለደች መለሰች።

«ቢታመሙ ማንን ይጠራሉ?» አላት የሱፍ፣ እንደ ደንቡ በአንቱታ።

ሳቋ ጠፋ። በርበሬውን በጣቷ አገላበጠች። «ማንን እጠራለሁ? ማንም የለኝም።»

አስተርጓሚ ከራሱ ቃል አይጨምርም። የሱፍ ግን አንቱታውንም ረሳው።

«እኔን ጥሪኝ» አላት።

ዶክተሯ «ምን አለች?» ሲሉት ላብ አጠመቀው፤ መልሷን ብቻ ተረጎመላቸው።

ክረምቱ ሲገባ ወባ ጣላት። እውነትም ጠራችው። በቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ፣ በሾፌሩና በራሱ መሃል ደግፎ አስቀምጧት በዝናብ ክሊኒክ አደረሳት። ስትድን ተጋቡ፤ ኒካሁ ላይ ዶክተር ናካቶ የአገራቸውን የባህል ቀሚስ፣ ጎመሲ፣ ለብሰው ተገኙ። ካቻምና ግን ሳቢራ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የሱፍ ይህን ግቢ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

መሸኛው ላይ ከተገኙት ተማሪዎች አንዷ እጇን አነሳች። «ጥናቱ ለተጠኑት ሰዎች ምን ጠቀማቸው?»

ዶክተሯ ፈገግ አሉ። «ይህንንስ የሱፍ ይመልስ።»

ተነስቶ ያኔ የጨመራትን ቃል ነገራቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የሳቢራን መሞት ሲነግራቸው ግን ጠያቂዋ አንገቷን ደፋች።

«አማርኛ ባልሰማም ፊታችሁን አይቼ ገብቶኝ ነበር» አሉ ዶክተሯ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አላቸው የሱፍ።

«አንድ ጥያቄ ቢበላሽ ይበላሽ ብዬ ነዋ!»

ምሳ ላይ ተማሪዎቹ ከበቡት። «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አሉት። ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ስሟን የሚያነሳለት ሰው አልነበረም። ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደምትከራከር፣ ተከራክራም እንዴት ቅመም እንደምትመርቅ፣ ዝናብ ሲጥል በኦሮምኛ እንደምታንጎራጉር አወራላቸው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን እየሳቀ ነበር። ፊት ለፊቱ የቀረበው ማቶኬ፣ የተቀቀለው ሙዝ፣ ቀዘቀዘ፤ እሱ ገና ስለ ሠርጋቸው ሊጀምር ነው።