የኖርበርት ጤነኛ ጉልበት

ኖርበርት የጉልበቱ ጤንነት እንደዚያ ዓመት አንጀቱን ያሳረረው ጊዜ የለም። ሽማግሌ ሆኖ የበቅሎ ጉልበት ይዞ መገኘት ምን ይሉታል? ከመንገዱ ማዶ ባሏ የሞተባት ደልፊን፣ ያቺ ሳቋ ሦስት ኮረብታ የሚሻገረው፣ ጠዋት ጠዋት የክሌመንትን ጉልበት ታክማለች። ክሌመንት የኖርበርት ሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ከፈረስ ወደቅሁ ባይ። በእኛ በላኮታዎች፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ዘንድ ደግሞ አማች ካማቹ ጋር ካልተሰዳደበ እንደተኳረፈ ይቆጠራል።

መድኃኒቷ በረዶው ከሸለቆው ሳይጠፋ ደረቁ ኮረብታ ላይ ጸጉሯን ለብሳ ብቅ የምትል ወይን ጠጅ አበባ ናት፤ «የሕፃን እትብት» እንላታለን። ቅጠሏ ተወቅጦ የታመመ መገጣጠሚያ ላይ ይታሰራል።

ደልፊን በክሌመንት ጉልበት ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር፣ ኖርበርት አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ይለጥፋል።

«አምና ካርታ የምትጫወተው ከኔ ጋር ነበር!» ይላል ለድመቱ።

አንድ ቀን አልቻለም፤ ኮረብታው ላይ ወጣ። ሽማግሌ አበባዋን ሲያገኝ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማንጎራጎር ወጉ ነው። ኖርበርት ግን እንኳን ሊያንጎራጉርላት ሰላምም አላላት። በእፍኙ ሙልጭ አድርጎ ነቀለ፣ ወቀጠ፣ ጉልበቱ ላይ ጠፍሮ አሰረና ተኛ። ደልፊን የምታስረው ሻይ እስኪፈላ ብቻ መሆኑ በመስኮት አይታይም።

ሲነቃ ጉልበቱ ላይ ውሃ የቋጠረው እብጠት፣ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፣ ዳክዬ ቢለቁበት ይዋኝበት ነበር። ሱሪ አልገባ ስላለው ብርድ ልብስ አገልድሞ፣ እያነከሰ ደልፊን ቤት ደረሰ።

ክሌመንት እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሾርባ ይጠጣል።

«አማቼ! ዱባ ሰርቀህ ነው ወይስ ጉልበትህ አረገዘ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሽባ!»

ደልፊን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። «ውይ በሞትኩት! ማን እሰር አለህ?»

«አሞኝ ነዋ።»

«ትናንት ጣራ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ስትመታ አላየሁህም?»

ክሌመንት በሳቅ ፈረሰ። «ይሄንንማ ሰፈሩ ሁሉ ማየት አለበት!» ብሎ ተፈናጥሮ ተነሣ፣ የበሩን ደረጃ በአንድ ዝላይ ወረደና እንደ ሚዳቋ ፈረጠጠ። ምርኩዙ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ደልፊን ምርኩዙን አየች። ከዚያ ኖርበርትን።

«ቢያንስ አንዳችሁ የእውነት ታሟል» አለችና የክሌመንትን ሾርባ ወደ ኖርበርት ገፋ አድርጋ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛ ጎንበስ አለች።

ኖርበርት በዚያ ወንበር ላይ ነገሠ። ታዲያ አንድ ጠዋት ደልፊን በመስኮት አሻግራ አይታ ሳቋን ለቀቀችው። ዞር ብሎ ቢያይ፣ ክሌመንት ኮረብታው ላይ ተንበርክኮ አበባ ይነቅላል። በእፍኝ አይደለም፤ በጆንያ!

ኖርበርት ጉልበቱን ዳሰሰ። እብጠቱ ሟሽሿል።

«አንቺ» አለ ፊቱን አጨማዶ፣ «ዛሬስ ባሰብኝ።»