የሳፊያ የተራራ ጫማ

ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲያይ ቆየና «አጥንቱ ደህና አድርጎ ገጥሟል፤ ቀስ እያልሽ መሮጥ ትችያለሽ» አላት። ሳፊያ ከክሊኒኩ እስክትወጣ እንኳ አልታገሰችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለፊቤ ደወለች።

«ፈቀደልኝ!»

«ወላሂ በይ!» አለች ፊቤ፣ የሆሳዕና ፕሮቴስታንት መሆኗን ረስታ።

ሁለቱ በስደት አገር፣ ጀፕስታውን በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ይነግዳሉ፤ ሳፊያ መጋረጃ፣ ፊቤ ብርድ ልብስ። ሩጫ ያስለመደቻት ፊቤ ናት። መጀመሪያ ሱቅ ዘግተው ኬንሲንግተን ያለችው ትንሽ ጋራ ላይ ነበር የሚሮጡት። በኋላ ግን እሁድ ፊቤ ከቸርች ስትወጣ፣ ከከተማ ርቀው ድንጋያማ ተራራ መውጣት ጀመሩ።

የኮሮናው ወረርሽኝ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከከተማው ውጭ ሃይደልበርግ አጠገብ ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ላይ የሳፊያ ቀኝ እግር ተንሸራተተና ሁለት ድንጋይ መሃል ተቀረቀረ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስለነበር ፊቤ ሮጣ ሰው ይዛ እስክትመጣ ጊዜው መሸ። ሆስፒታል ስትደርስ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ነርሷ ጫማውን በመቀስ ቀዳ አወለቀችላት። ሳፊያ ለአጥንቷ ያላለቀሰችውን ለጫማዋ አለቀሰች።

ባሏ ሸረፈዲን «ከእንግዲህ ጋራ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ» አለ።

ጄሶው ሳይፈታ ሎክዳውን መጣና ሁሉም ቤቱ ተከተተ። ጄሶው ሲፈታ ፊዚዮቴራፒስቷ እንቅስቃሴውን በስልክ ቪዲዮ ታሳያት ጀመር፤ ፎጣ በእግር ጣት መሳብ፣ በአንድ እግር መቆም። ሳፊያ ይህን ስትጨርስ ትሮይቪል ሰፈር የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መጀመሪያ ሲያዝኑላት የነበሩት ጎረቤቶች ኋላ ላይ በር ከፍተው ያጨበጭቡላት ነበር።

አሁን ጃካራንዳው አብቧል፤ ሱቆችም ተከፍተዋል። ሳፊያ ከፊቤ ጋር ጫማ ለመግዛት ስትነሳ ሸረፈዲን የመኪናውን ቁልፍ አንጠለጠለ።

«የምሄደው ልነዳላችሁ ነው። ከመኪና አልወርድም» አለ።

ሱቁ በሰሜን በኩል፣ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ የሚሸጠውም የተራራ ሯጭ ዕቃ ብቻ ነው። ሴኩሪቲው ሙቀታቸውን ለክቶ፣ እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር ነፍቶ አስገባቸው። ሻጯ ሌራቶ ጫማ በጫማ ላይ ደረደረችላቸው። የሳፊያ ቀኝ እግር ከስብራቱ ወዲህ ወፈር ስላለ አንዱ ይጠብባል፣ ሌላው ግራው ላይ ይሰፋል። በመጨረሻ ብርቱካንማው መጣ። ሳፊያ ክሩን አስራ ቆመች፤ ዓይኗ ከማስኩ በላይ ሳቀ።

«ፊቤ፣ ይሄ እኮ እግሬን አቀፈው!»

ጥጉ ላይ ድንጋይ የተለጠፈበት የእንጨት ዳገት አለ፤ ጫማ የሚሞክሩበት ነው። ሳፊያ እየዘለለች ወጣችው። ለመውረድ ስትዞር ግን ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አለ። ከፍታው ከወገብ አይበልጥም። ያ እርጥብ ድንጋይ ግን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

ሸረፈዲን ለካ ወርዶ በመስታወቱ እያያት ኖሯል። ገባ።

«ምን ሆንሽ?»

«አልወርድ አለኝ።»

እጁን ዘረጋላት። አንዴ እጁን፣ አንዴ ድንጋዩን አየች።

«አትያዘኝ። ብቻ እዚያው ቁምልኝ።»

ቆመላት። ሳፊያ «ቢስሚላህ» ብላ ረገጠች። የሶሉ ጥርስ ድንጋዩን ነከሰው። ሌላ እርምጃ ደገመች።

«ጫማው ይዞኛል!» ብላ ጮኸች። ተመልሳ ወጣች፣ ወረደች፤ ደግሞ ወጣች። ፊቤ «ኧረ ሌላ ሰው ይሞክርበት!» እስክትላት ድረስ አልቆመችም።

ካልሲ መረጡ፤ ቀጥሎ ደረት ላይ የሚታሰረውን የሩጫ ቦርሳ። ሸረፈዲን ማሰሪያውን እያገላበጠ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ቀን ስደውል ስደውል ስልክሽ ዝም አለኝ። የጠላሁት ሩጫሽን አይደለም፤ የት እንዳለሽ ማጣቴን ነው።»

ሳፊያ ይህን ከአፉ ሰምታው አታውቅም። እሱ ግን ወዲያው ማሰሪያው ላይ የተሰካች ትንሽ ፊሽካ አየ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ለአደጋ ጊዜ ናት» አለች ሌራቶ።

ሸረፈዲን ማስኩን ዝቅ አደረገና ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋት። ሱቁ ቀጥ አለ። ሴኩሪቲው እየሮጠ መጣ።

«ሃይቦ፣ ባባ! በኮሮና ጊዜ?» አለች ሌራቶ በአገሯ አፍ ተገርማ፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት። «በቃ፣ ቦርሳው ያንተ ነው!»

ሸረፈዲን ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበው። «ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሩቅ ይሰማል። ወስደነዋል» አለ። ፊቤ የጫማ መደርደሪያውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሳፊያ አዲሱን ጫማ አላወልቅም ስላለች አድርጋው የመጣችው አሮጌ ጫማ በካርቶኑ ገባ። ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኬንሲንግተን ነዱ። ፊቤ ፊት ፊት፣ ሳፊያ ኋላ ኋላ ሆነው ጋራውን ያዙት። ሳር የሸሸው ቀይ አፈር ከጫማዋ ስር ይንኮሻኮሻል። ትንፋሿ ቶሎ አለቀ፤ ብዙ ቦታ ተራመደች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፊቤ አቀፈቻትና ሁለቱም እንደ ልጅ ጮኹ። ቁልቁለቱን ሳፊያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል በአጭር በአጭር እርምጃ ሮጠችው።

ግማሽ ላይ ሸረፈዲንን አገኙት። በቆዳ ጫማው እየተንሸራተተ፣ ላቡን እየጠረገ ይወጣል።

«ለካ ከዚህ ከተማው ሁሉ ይታያል!» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሳፊያ እያነከሰች ሱቋን ስትከፍት አንዲት ደንበኛዋ ደነገጠች። «እግርሽ እንደገና ተሰበረ?»

«ኧረ አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ!» አለች ሳፊያ በኩራት። «ይሄ ጭኔ ነው። ትናንት ሮጬ ነው!»