አልጋው ሳይነሳ

በ1985 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሀቢብና ዘይቱና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሜሪካ፣ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ይኖሩ ነበር። ሳሎኑ በአንሶላ ለሁለት ተከፍሏል። የእነሱ ድርሻ ርዝመቱ አሥራ አንድ ጫማ፣ ወርዱ ሰባት ጫማ ሲሆን መስኮቱ ከአንሶላው ማዶ ቀርቷል። ፍራሻቸው አንድ ነው። ሀቢብ ታክሲ ሲነዳ አድሮ ሲገባ ዘይቱና ልጆቹን ታስነሳና ቦታ ትለቅለታለች። የሕንጻው ማናጀር ከአራት ሰው በላይ ያለው እስከ ዲሴምበር 31 እንዲወጣ የሚል ወረቀት በበሩ ሥር አስገብቷል። ኮንትራቱ በሀቢብ ስም ስላልነበረ የሚወጡት እነሱ ነበሩ።

ሌላ አፓርታማ ጠይቀዋል። አንዱ የክሬዲት ታሪክ የለህም አለ፤ ሌላው ልጅ ያለው አላከራይም አለ። ዘይቱና ሲያትል ወንድም አላት። ለእሷና ለልጆቹ አንድ ክፍል አዘጋጅቻለሁ ብሏል። ለሀቢብ አላዘጋጀም፤ መጀመሪያም ሲጋቡ አልወደደም ነበር። ዘይቱና ነገሩን ሳታለሳልስ ለባሏ ነገረችው።

«እስከ ዲሴምበር መጨረሻ አራታችንን የሚይዝ ጣሪያ ካገኘህ እዚሁ ነኝ። ካላገኘህ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ። አንሶላ ሰልችቶኛል።»

ያን ጊዜ እኔ ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ። የማቆሚያው ባለቤት፣ የኋለኛው ጥግ ላይ አንድ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ወጥ ቤት ያለው፣ ሰው የሚኖርበት ትልቅ መኪና፣ ቢቆምና ከኔ የጥበቃ ዳስ መብራት ቢስብም ግድ የለኝም አለ። ስለዚህ የቀረው ሞተርሆሙን ማግኘት ብቻ ነው። በነዳጁ መወደድ ምክንያት ሀብታሞች በሰባዎቹ የገዟቸውን ትልልቅና ቅንጡ ሞተርሆሞች በየደጃቸው አቁመው ይሸጡ ነበር። ሀቢብ ሁለት አገኘ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበር ዋጋ አይለያቸውም። የሚለያቸው አሠራራቸው ነው፤ እሱን ደግሞ እንድመረምር የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ጥገና ክፍል ውስጥ የአውሮፕላን ገላ መርማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ቆርቆሮውን በትንሽ መዶሻ እየነካኩ ድምፁን መስማት፣ ጥርጣሬ ያለበትን በሹል ነገር መውጋት፣ ያየሁትን በተራ ቁጥር መጻፍ ነው። ፌርፋክስ አካባቢ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ እኔን ይዞ ይሄዳል።

«ጋሼ አሥራት ሚስት ሳያገባ የቀረው ለምን እንደሆነ ገባኝ» አለች ዘይቱና፣ አንድ ቀን የሰው መኪና ሳንኳኳ አይታ። «አንኳኩቶ ሲያዳምጣት ሮጣ ነው።»

ሃያ ስድስት መስመር ያለው ወረቀት አዘጋጀሁ። ጣሪያ፣ መገጣጠሚያ፣ ወለል፣ የመስኮት ጎማ፣ ሻንሲ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ጋዝ እያለ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትይዩ ለሁለቱም መኪኖች ቦታ አለው።

የመጀመሪያው ያለው ክሬንሾው የሚባል ሰፈር ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ መካኒክ ነው። ሞተርሆሙ ሲታይ ያስጠላል። ቀለሙ ለቋል፣ በግራ ጎኑ የተመታ ቦታ አለ፣ ምንጣፉን ውሻ በልቶታል። አጽሙ ግን አሉሚኒየም ሲሆን ሪቬት በሚባለው የብረት ሚስማር የተያያዘ ነው፤ አንድም እንጨት የተሸከመው ነገር የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንኳኳሁ። ሁለቱንም አልጋ አነሳሁ፣ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ ሥሩ ገብቼ ተኛሁ። ወለሉን በካቻቢቴ አርባ ቦታ ወጋሁት። ሽማግሌው ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

«ትገዙታላችሁ ወይስ ቀዶ ጥገና ልታደርጉለት ነው?» አለ። ሀቢብ ተረጎመልኝና ሳቅን። «ግዴለም፣ ቀጥል» አለኝ ሽማግሌው። «ዝገቱን ከኔ በላይ ካወቅኸው ግን አንተ ነህ የምትሸጥልኝ።»

አሥራ አራት ጉድለት አገኘሁ። ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ሁለት መስኮት ያፈሳል፣ የኋላ ጎማዎቹ አልቀዋል፣ እንዲህ እንዲህ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከአሥራ አራቱ ዝናብ አስገብቶ ቤት የሚያፈርስ አንድም አልነበረም።

ሁለተኛው ያለው ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ነው፤ የእትዬ ሸዋረጋ ሞተርሆም። ባለቤታቸው ጋሼ ጉግሳ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢንጂነር ነበሩ። ከሞቱ ገና ስድስት ሳምንታቸው ነው። እትዬ ሸዋረጋ እንደሚሸጡ የሰማነው ፌርፋክስ ላይ ነው። ለቅሶ ስላልደረስን ባዶ እጃችንን መሄድ ነውር ሆነብን፤ ሀቢብ አንድ ካርቶን ለስላሳ ገዛ። እንግዲህ መኪና ልንገዛ የሄድነው ለቅሶ ደራሽ ሆነን ነው።

ሳሎን ተቀመጥን። እኔ «ነፍስ ይማር»፣ ሀቢብ «አላህ ያጽናዎት» አለ። እትዬ ሸዋረጋ ጥቁር ለብሰዋል። ሽሮና ጎመን አቀረቡ።

«ጾም ስለሆነ ሥጋ የለውም። አንተም ብላ ሀቢብ፤ ሽሮ ሃይማኖት የለውም።»

በላን። ስለ ጋሼ ጉግሳ ሕመም ነገሩን። የቤቱን ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ደጁ ላይ የቆመውን ሞተርሆም መኝታቸው አደረጉት፤ አምስት ወር እዚያ ተኝተው እዚያው አረፉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተነሥተን ልናየው ወጣን።

ሲገባ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ቁምሳጥኖቹ በወፍራም የዋልነት እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ማጠፊያዎቻቸው ነሐስ፣ ወንበሮቹ እውነተኛ ቆዳ፣ ኮርኒሱ በጨርቅ የተለበጠ ነው። ሀቢብ መሪውን ይዞ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። አጽሙ ግን እንጨት ነበር፤ የበር ቋሚውን ፈትቼ አየሁት። ቀጭን የጥድ እንጨት፣ ላዩ ላይ በስቴፕል የተመታ ስስ ቆርቆሮ። እንዲህ ዓይነቱ ቤት የሚቆየው ከላይ ያለውን መገጣጠሚያ የሚያሽገው ማስቲሽ እስከያዘ ድረስ ነው። መገጣጠሚያው ከከፈተ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ የሚያርፈው በኋለኛው ጥግ፣ አልጋው ሥር ነው። ይህንን ስገባ አውቅ ነበር።

አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጋቢው ታጥፎ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ መነጽርና ትንሽ ራዲዮ አለ። ቁምሳጥኖቹ የሎሚ ሽታ ያለው የእንጨት መወልወያ ተቀብተዋል፤ ከእሱ ሥር ግን የረጠበ ካርቶን ሽታ ሸተተኝ። የተዘጋ የሕመምተኛ ክፍል ሽታ ነው አልኩ ለራሴ።

«ከፈለጋችሁ አንሱት» አሉ እትዬ ሸዋረጋ በሩ ላይ ቆመው። «ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ አለው። እኔ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

«ኧረ አይገባም እትዬ» አለ ሀቢብ።

እኔን አዩኝ። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር።

«ይቅር፣ እትዬ» አልኩ፤ ካቻቢቴውንም ኪሴ ከተትኩት። የሌላውን ክፍል ግድግዳ በጣቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁ። እንጀራቸውን በልቼ፣ ሰው የሞተበትን ግድግዳ እሳቸው ፊት ልደበድብ አልቻልኩም። ሁሉም ነገር ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሦስት ጉድለት አገኘሁ።

ሃያ ስድስተኛው መስመር «የኋላ ጥግ፣ ከአልጋ ሥር» ይላል። ጥገና ክፍል ውስጥ ያልታየ ነገር «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ የማይሻር ደንብ ነው፤ ደንቡን ያፈረሰ ከሥራ ይባረራል። እኔ ታክሲው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ባዶነቱ ዓይኔን ሲወጋኝ ደግሞ «ደህና» ብዬ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ዘይቱና ወረቀቱን ዳሱ ውስጥ ቆማ አነበበችው።

«ሶ፣ አሥራ አራት ለሦስት ነው?»

«ኦኬ፣ አለቀ በቃ» አለ ሀቢብ። «ቆዳ ወንበር ነው ያለው አንቺ። ልጆቹ እዚያ ላይ ሆነው ሲያጠኑ አስቢ።»

«እኔ የሽማግሌውን ነው የምወደው። ሰውየው ሁሉን ከፍቶ አሳየ ብለኸኛል። የውሻ ምንጣፍ ተነቅሎ ይጣላል።» ወረቀቱን ገልብጣ እንደገና አየችው። «ጋሼ፣ እዚያ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለምን?»

«ይሄኛው ንጹሕ ነው» አልኩ። «ብዙ የሚታይ የለውም።»

«ከአልጋው ሥርስ?»

ሀቢብ ወደ እኔ አላየም። ያየው ወደ መንገዱ ነበር።

«ደህና ነው» አልኩ።

«ኦኬ። አንተ ካልክ።»

ዲሴምበር 29፣ እሑድ ቀን፣ ከእትዬ ሸዋረጋ የተገዛውን ሞተርሆም ነድተን የኋለኛው ጥግ ላይ ፓርክ አደረግነው። ከዳሴ መብራት ሳብኩ። የጋሼ ጉግሳን ጋቢ፣ መነጽርና ራዲዮ እትዬ ሸዋረጋ ራሳቸው አውጥተው ወስደዋል፤ ፍራሹን ግን ለእነሀቢብ ተዉላቸው። ዘይቱና በላዩ አዲስ አንሶላ ዘረጋችበት። የኋለኛው አልጋ የልጆቹ ሆነ። ትልቋ ልጅ መስኮቱን ሃያ ጊዜ ያህል ከፍታ ዘጋችው። ሀቢብ ጠዋት ሲገባ በገዛ አልጋው ላይ መተኛት ጀመረ። እኔም በየቀኑ በዳሱ መስኮት አያቸው ነበር። አልጋውን አንሱልኝ፣ ልይላችሁ ማለት እችል ነበር፤ ጣሪያው ላይ ማስቲሽ መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን እንዲያ ካልኩ አላየሁም ማለቴ ነው። ጃንዋሪ ደረቅ ሆኖ ሲያልፍ ሽታው ከነበረበት አልባሰም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ዝናቡ መጣ። ሦስት ቀን አላቋረጠም። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘይቱና የልጆቹን አልጋ ልታነጥፍ ወደ ጥጉ ስትጠጋ ወለሉ ከዳትና ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። ሀቢብ ጠራኝ። ሮጬ ስደርስ አውጥቷት ነበር፤ ባቷ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ፎጣ ጠምጥማበታለች። ልጆቹ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

ያኔ አልጋውን አነሳሁ። ኮምፔንሳቶው እንደ ገንፎ ነበር። ግድግዳውን የተሸከሙት አራት ቋሚዎች ከሥራቸው በስብሰው ቆርቆሮው ብቻ ነው የቆመው። ጥጉ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሳፋና በሥርዓት የታጠፉ ሰባት ፎጣዎች ነበሩ። ከፎጣዎቹ ሥር የ1982 ጋዜጣ ተነጥፏል። ጋሼ ጉግሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እትዬ ሸዋረጋ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አንሱት ብለዋል።

«እንመልስላቸው» አልኩት ሀቢብን።

«ለማን? ለቅሶ ቤት በልቼ ወጥቼ፣ የባልዎ መኝታ በስብሷል ልበላቸው?»

ዘይቱና ፎጣውን እያጠበቀች ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር።»

«እዚያ ጋ አላየሁም ነበር፣ ዘይቱና። ሴትዮዋን አፍሬ…»

«እሱን እኮ ነው የጠየቅሁህ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔንም አፍረኸኝ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ሀቢብ ክሬንሾው ደውሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በጃንዋሪ ሸጦታል።

የዘይቱና እግር አሥራ ሰባት ቦታ ተሰፋ። በሚቀጥለው ሐሙስ እሷና ልጆቹ የሲያትልን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሀቢብ መጀመሪያ አፓርታማ ከተጋሯቸው ሰዎች በአንዱ ቤት ሶፋ ላይ ይተኛ ነበር፤ በኋላ ታክሲው ውስጥ መተኛት ጀመረ። ሞተርሆሙን የቁራጭ ብረት ነጋዴ ጎትቶ ወሰደው፤ ሲጎተት የኋለኛው ግድግዳ ማቆሚያው ውስጥ ወደቀና እኔ ጠርጌ አነሳሁት።

እዚያ ሞተርሆም ውስጥ አራቱ አብረው የኖሩት አርባ ስምንት ቀን ነው።