የጣሪያው ጥላሸት

አስጎብኚው እሳተ ገሞራ ስለተፋው ዓለት ሲያወራ አፉ ማር ነው። ዛሬ ግን በሾጣጣዎቹ ድንጋዮች መሃል ሲያልፉ ቃላቱ ይደናቀፉበት ጀመር። ምክንያቱ ከኋላው ቦርሳዋን ታቅፋ የምትከተለው እናቱ ነበረች። አንድ ጎብኚ ቀረና ሾፌሩ ደግ የሠራ መስሎት፣ "ወንበሩ ባዶ ከሚሄድ እማማ ይምጡ" ብሎ ጫናት።

"ስንት ዓመት ስለዚህ ድንጋይ ስታወራ ኖረህ አንድ ቀን አላሳየኸኝም እኮ" አለችው። እሱም ከአንገት በላይ ሳቀ። እናቱ መሆኗን ለጎብኚዎቹ አልነገራቸውም።

ችግሩ በጉብኝቱ ላይ ያለው ሦስተኛው ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ላይ የተሳለው ቅዱስ ከደረቱ በላይ በጥላሸት ጠቁሯል። አስጎብኚው እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ፣ "ዋጋውን ያላወቁ መሃይማን እሳት አንድደው ይህን ቅርስ አበላሹት" ይላል። ጎብኚዎቹም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሳቱን ያነደደችው የገዛ እናቱ መሆኗን ለአንድም ሰው ተንፍሶ አያውቅም። ያኔ ጦርነት ከቤቷ ያባረራት አራስ ነበረች፤ በጨርቅ የታቀፈችው ደግሞ እሱን ራሱን። እሱ ግን አፈረ፤ ሌላ ሰበብ የለውም። "ዋሻ ውስጥ ነው ነፍሴ የተረፈችው" ማለት ለተማረ ሰው የማይመጥን መሰለው።

ሦስተኛውን ሊዘለው ሞከረ። "ጊዜ አጥሮናል፣ በቀጥታ ወደ ምሳ ብንሄድስ?" አለ።

"እንዴ! እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው" ብላ አንዲት የጥርስ ሐኪም ከሁሉም ቀድማ ገባች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። እናቱ ማንም ሳይመራት ወደ ጥጉ ሄዳ የግድግዳውን ስርጉድ በመዳፏ ዳበሰች። ሐኪሟ አንጋጣ ጣሪያውን እያየች፣ "ማነው እንዲህ ያጠቆረው?" ብላ ጠየቀች።

አስጎብኚው አፉን ከፈተ።

"ዋጋውን ያላወቁ መሃይማን ናቸው" አለች እናቱ ከጥጉ፣ ረጋ ብላ። "እሳት አንድደው ቅርሱን አበላሹት።"

ቃል በቃል የእሱ ነው። ለአስጎብኚነት ፈተናው ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያጠና፣ ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች መስሎት ነበር። ለካ ሰምታዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላነሳችበትም፤ ዛሬም እሱ በሰው ፊት እንዳያፍር ራሷን በራሷ አፍ ሰደበችለት። ከዚህ የባሰ ምን ያሳፍራል? መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"አይደለም" አለ ወደ ጥጉ እያመለከተ። "ያነደደችው እቺ እናቴ ናት። ብርድ ነበር፣ እኔም ገና የተወለድኩ ነበርኩ። ያ እሳት ባይኖር ዛሬ የሚያስጎበኛችሁ ሌላ ሰው ነው።"

አሁን ከንፈሩን የመጠጠ የለም። ሐኪሟ ቀና ብላ ጥላሸቱን እንደገና አየችው።

እናቱ ሻርፗን አስተካከለች።

"ቅዱሱ እንኳ ያኔውኑ ይቅር ብሎኛል" አለችው። "አንተን ነበር የምጠብቀው።"