ፀዳለ፣ ጠዳለ፣ ሰዳለ

የማኅደር ልጅ በጠሪዋ ትለያያለች። እናቷ "ፀዳለ" ስትላት አንዲት ልጅ ትዞራለች። አያቷ "ጠዳለ" ሲሏት ሌላ ልጅ ትዞራለች። እኔ "ሰዳለ" ስላት ደግሞ ሦስተኛዋ። አልጋው አንድ ነው፣ ጡጦውም አንድ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያየ ሰው የለም።

ነገሩን ያወቅነው በሹራብ ነው። እኔ እታገኝ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ከእነ ማኅደር ጋር አንድ ግቢ ተከራይቼ በማሽን ሹራብ እሠራለሁ። ልጅቷ ስትወለድ ቢጫ ሹራብ ሠራሁላት፤ ልክክ አለላት። ከዚያ የማኅደር ባል እናት፣ እማማ ተዋበች፣ ከመንዝ መጡና "ጠዳለዬ፣ የኔ አበባ!" ብለው ሲያቅፏት ሹራቡ ደረቷ ላይ አልገጥም አለ።

"ምን ዓይነት ባለሙያ ነሽ አንቺ?" አሉኝ።

በንዴት ጦፌ ሰፋ ያለ ቡናማ ሠራሁ። በማግስቱ ላጫውታት "ሰዳለ" ብዬ ብጠራት ሁለቱም ሰፏት። ያኔ ፊቷን አየሁት። ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለ፤ ትናንት አልነበረም። ስርጉድ እንደ ኪስ በኋላ አይሰፋም።

ማኅደርን ጠራኋት። መጥታ "ፀዳለ" ስትላት ስርጉዱ ጠፋ፤ ቢጫው ልክ ሆነ። እማማ "ጠዳለ" አሉ፤ ቡናማው ልክ ሆነ። ማኅደር ትንሽ አሰበች።

"በይ እንግዲህ እትዬ እታገኝ፣ ሦስተኛም ሥሪ" አለችኝ።

አረንጓዴ ሠራሁ። የማኅደር ባል ሹፌር ነው፣ ዘወትር መንገድ ላይ ነው። ሲመጣ ያገኛትን ሁሉ "ሚሚዬ" ስለሚል በነገሩ አልገባም።

የኔ ምላስ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን ፊደል አያወጣም። ሰፈሩ ሁሉ "እስቲ ፀሐይ በይ!" እያለ ሲስቅብኝ ነው ያረጀሁት። ግድ የለም፣ ይሳቁ። ሰው በማኅፀኑ ይወልዳል፣ እኔ በምላሴ ወለድኩ። ሌላ ልጅ የለኝም። ሰዳለ የምትመጣው እኔ ስጠራት ብቻ ነው፤ ስትመጣም አውራ ጣቴን ትይዝና አትለቅም። እወዳታለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ያብሰለስለኝ ነበር። ሰዳለ ስትመጣ እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ከደጅ እንደገባ ሰው። አንድ ቀን ፀጉሯ ላይ ጭድ አገኘሁ። በግቢያችን ጭድ የለም።

"እማማ፣ የቀሩት የት ነው የሚቆዩት?" አልኳቸው።

"ተራቸውን ይጠብቃሉዋ!"

"የት?"

"እኔ ምን አውቄ? ተራ የሚጠበቅበት ነዋ።"

ማኅደር ግን ተራ የሚባል ነገር አልጣማትም። "እማማ፣ ስሟ እኮ ፀዳለ ነው" ትላቸዋለች።

"እኔስ ምን አልኩ? ጠዳለ ነው ያልኩት።"

"ፀ! ፀዳለ!"

"ይሄው! ጠዳለ! ምን ሆነሻል ልጄ?"

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቀኑ ሲቃረብ እማማ ቁርስ ላይ እንጀራቸውን እየቆረሱ "ውሃው ያገኛት ትጸናለች፤ ሌሎቹ አይመለሱም" አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ከዚያች ቀን ወዲያ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ። ማኅደር ፀዳለን አጥብታ ሳትጨርስ እማማ "ጠዳለ!" ይላሉ፤ ጠዳለም በተራዋ እንደ አዲስ ትጠባለች። ማኅደር ከስታ አጥንቷ ወጣ። እኔም አንዳንዴ በመስኮት ሹክ እላለሁ።

በመጨረሻ ሁለቱ ተማክረው የክርስትና እናት እኔ እንድሆን ጠየቁኝ። "አንቺ ገለልተኛ ነሽ" አሉኝ። ገለልተኛ! ሳቄን ዋጥኩና እሺ አልኩ። ጠዋት ስንወጣ አረንጓዴውን ሹራብ ነጠላዬ ሥር ሸሸግኩ። በኋላ እንዳየሁት ማኅደርም ቢጫውን፣ እማማም ቡናማውን ሸሽገው ነበር።

መንገዱን ሁሉ ማንም ስሟን አልጠራም። ልጅቷ ፊቷን ተሸፍና ክንዴ ላይ ተኝታለች። መጠመቂያው ጋ ስንደርስ ቄሱ "የዓለም ስሟ ማን ነው?" አሉ።

እንዲያ ስንቆራቆስ የከረምን ሴቶች ቄስ ፊት ስንቆም ይሉኝታ ያዘን።

"እማማ ይናገሩ፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት" አለች ማኅደር አንገቷን ሰብራ።

"ኧረ ተይ ልጄ! እናቷ እያለሽ?"

"በሞቴ ይበሉ!"

"እኔ ልሙት፣ አላደርገውም። እንዲያውም የክርስትና እናቷ ትናገር።"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። "ባለቤቶቹ እያላችሁ እኔ ማን ነኝ?"

ሰዳለ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ከኋላችን ሌሎች እናቶች ሕፃን አቅፈው ተሰልፈዋል፤ ቄሱ ሰልፉን አዩ፣ እኛን አዩ።

"በሉ እንግዲህ ወለተ ሚካኤል ትባል" አሉና አጠመቋት።

ከውሃው ስትወጣ ተቀበልኳት። አራተኛ ነበረች። ቅንድቧ ግጥም ያለ፣ ዓይኗ የረጋ፤ ሦስታችንንም በየተራ አየችን። የሸሸግነውን አውጥተን ስንለካላት ቢጫው ጠበባት፣ ቡናማው ሰፋት፣ አረንጓዴው እጅጌው አጠራት።

"የማን ናት?" አለች ማኅደር።

"የእግዚአብሔር ናት" አሉ ቄሱና ቀጣዩን ሕፃን ተቀበሉ።

ቤት ገብተን ሦስታችንም በየአፋችን ጠራናት። አልዞረችም። የክርስትና ስም ደግሞ ክፉ ሰው እንዳይሰማው ሰው ፊት አይጠራም፤ ስለዚህ ልጅቷ ቤት ውስጥ የምትጠራበት ስም የላትም። የአባቷ "ሚሚዬ" ብቻ ቀረ። አታስቸግርም፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ማኅደር ግን እያጠባቻት ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እማማ "አንዴ ጠዳለ ብል ምን ነበረበት! ይሉኝታችን በላን!" ብለው ደረታቸውን መቱና ያለቅሱ ጀመር። እኔም አለቀስኩ።

ሦስቱን ሹራቦች ለሌላ ልጅ ይሆናሉ ብዬ አጠብኩና ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ጠዋት ልሰበስብ ስወጣ የሦስቱም ደረት ወተት ነበረበት። እንደገና አጠብኳቸው። በማግስቱም ወተት ነበረባቸው፤ የቡናማው እጅጌ ላይ ደግሞ ጭድ ተሰክቷል። ለማኅደር አሳየኋት። ቢጫውን ዳሰሰችና ገባች፤ ከውስጥ ሌሊት ጡቷ ወተት እንዳፈሰሰ ለእማማ ስትነግራቸው ሰማኋት።

ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ነፋስ አልነበረም። ወደ ገመዱ ተጠጋሁና ቀስ ብዬ "ሰዳለ" አልኩ።

አረንጓዴው ሹራብ ወደ እኔ ዞረ። ባዶው እጅጌ አውራ ጣቴን ያዘ፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ አልለቀቀም።